ገብስማ ዶሮና የሚቆረጥም ሕመም

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ ሰኞ ቀን፣ ባቲ ገበያ ውስጥ ከአንዲት ዶሮ ሻጭ ፊት ቆሜ ቃል አጥቼ አፍሬ ነበር። ከውጭ አገር የመጣ አንድ የእንስሳት እርባታ ተማሪ ስለ አገር ዶሮዎች መረጃ ይሰበስብ ስለነበር፣ በአስተርጓሚነት ቀጥሮኝ ከደሴ አብሬው ወርጄ ነው። በያዘው ቅጽ ላይ «የላባ ቀለም» የሚል አምድ አለ። ሴትዮዋ እግራቸው የታሰረ አራት ዶሮዎች ከፊታቸው አጋድመዋል። የመጀመሪያዋን «ቀይ» አሉ፤ ጻፍን። ሁለተኛዋን «ገብስማ» ሲሉ በእንግሊዝኛ «ግራጫ» ብዬ አለፍኩ። ሦስተኛዋን «ወሰራ»፣ አራተኛውን አውራ ዶሮ ደግሞ «ዛጎልማ» ሲሉ፣ ሁለቱንም «ነጠብጣብ ያለበት» በሚል አንድ ቃል ጠቀለልኳቸው። ተማሪው ቀና ብሎ ዶሮዎቹን ተመለከተና «እነዚህ ሁለቱ እንዴት አንድ ይሆናሉ?» አለኝ። ሴትዮዋ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ሆኖም የልጁ ጣት ከወሰራዋ ወደ ዛጎልማው ሲመላለስ አይተው ነገሩ ገባቸው። «ምነው ልጄ፣ ዛጎል አይተህ አታውቅም?» አሉኝ።

ዛጎልስ አይቻለሁ። ያላየው የቅጹ አምድ ነው። በአማርኛ «ማ» የምትባለዋ ምዕላድ የአንድን ነገር ስም ይዛ ወደ ቅጽልነት ታሻግራለች፤ ቡና ቡናማ፣ ደመና ደመናማ፣ ተራራ ተራራማ፣ ገብስ ገብስማ፣ ዛጎል ዛጎልማ ይሆናል። ቃሉን የሚሰማው ሰው ነገሩን በዐይኑ ከሚያውቅ ጋር እየተነጋገረ መሆኑ አስቀድሞ ተወስኗል። ገብስ አውድማ ላይ ተሰጥቶ ያላየ ሰው «ገብስማ» ሲባል የሚመጣለት ነገር የለም፤ ስለዚህ ለተማሪው የሚጠቅመው ቀለሙን መሰየሜ ሳይሆን፣ ነጩና ጥቁሩ ላባው ላይ እንዴት እንደተቀላቀለ መናገሬ ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቅጹን ቀይረን፣ የአማርኛውን ስም እንዳለ በላቲን ፊደል ጽፈን፣ ከጎኑ ሴትዮዋ የነገሩንን መግለጫ አስገባን። ገበያው ሊበተን ሲል የጨረስነው ሠላሳ የማይሞሉ ዶሮዎችን ብቻ ነበር።

ገብስማ ግን ለዶሮ ብቻ አይነገርም። ሽበት የጀመረው፣ ነጩና ጥቁሩ የተደባለቀበት የሰው ፀጉርም ገብስማ ይባላል፤ እዚህ ላይ ደግሞ እንግሊዝኛው አልሰነፈም፤ «ጨውና በርበሬ» የሚል የራሱ ስያሜ አለው። አንድ ጊዜ የአንድ ጀማሪ ተርጓሚ ረቂቅ ሳርም ይህንኑ አገኘሁ፤ ልብ ወለዱ ውስጥ ያለው ሽማግሌ «ጨውና በርበሬ የመሰለ ፀጉር» ይዞ ይንጎራደዳል። ፈረንጁ በርበሬ ሲል የሚያስበው ጥቁሩን ቁንዶ በርበሬ ነው፤ የእኛ አንባቢ ግን በርበሬ ሲባል ገና ከወፍጮ ቤት የወጣው ቀዩ ዱቄት ስለሚታየው፣ ሽማግሌው ሳያስበው ፀጉሩን ሂና የተቀባ ሰው ሆኗል። ልጁን «ገብስማ በለው» አልኩት። «ገብስማማ ዶሮ ነው» ብሎ ተከራከረኝ፤ ከተማ ያደገ ልጅ ስለሆነ ቃሉን የሚያውቀው በበዓል ሰሞን ብቻ ነው።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ ከ«ማ» ጎን «ኣም» የምትባል እኅት አለች፤ ጠባያቸው ግን አይገናኝም። ፀጉራም፣ ሆዳም፣ ቀንዳም፣ ሀብታም ስንል ነገሩ መኖሩን ብቻ አንናገርም፤ መብዛቱን፣ አንዳንዴም ማስጠላቱን እንጨምርበታለን። እንግሊዝኛ ትልቅ ሆድ ያለውንና ለሆዱ ያደረውን በተለያዩ ቃላት ይለያል፤ «ሆዳም» ግን አካሉን ትቶ ጠባዩን ይዟል። ስለዚህ ትልቅ ሆድ ያለውን ሰው የሚገልጽ ንጹሕ የእንግሊዝኛ ቃል በ«ሆዳም» የተረጎመ ሰው፣ ሳያውቅ ሰውየውን ሰድቦታል። «ቦርጫም» ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ፊት ለፊት የሚነገር አይደለም።

የሰው መልክ ሲሆን ጉዳዩ ከፌዝ ይወጣል። ከዕለታት አንድ ቀን የአንድ ምስክር ቃል ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ምስክሩ ያየውን ሰው «ረዘም ያለ፣ ቀይ፣ ጎልማሳ» ብሎ ነበር የገለጸው። ከእኔ በፊት ሥራውን የጀመረው ሰው «ቀይ ረዥም ሰውዬ» ብሎ ቃል በቃል አስቀምጦታል፤ የእንግሊዝኛ አንባቢ ይህን ሲያነብ ፀሐይ ያቃጠለው ወይም በቁጣ ፊቱ የቀላ ሰው ይታየዋል። በእኛ ዘንድ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር የሚሉት ቃላት እርስ በርስ የሚለኩ ናቸው፤ ቀይ የሚባለው ሰው ቀይ የሚሆነው ከጠይሙ አጠገብ ስለቆመ ነው። «ነጣ ያለ ቆዳ ያለው» ብዬ ብተረጉመውም፣ አንባቢው መለኪያውን ከራሱ አገር ያመጣና ፈጽሞ ሌላ ሰው ይፈልጋል። በመጨረሻ «ለኢትዮጵያዊ ፈካ ያለ የቆዳ ቀለም ያለው» ብዬ ጻፍኩ፤ ረዘመ፤ ነገር ግን ማንንም አያስይዝም።

በዚያው ቃል ውስጥ ከቀለሙ ይልቅ ያሳሰበኝ «ረዘም ያለ» የሚለው ነበር። የቀድሞው ተርጓሚ «ረዥም» ብሎታል። ምስክሩ ረዥም ማለት ሲችል ረዘም ያለ ያለው በአጋጣሚ አይደለም። ቀላ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ደልደል ያለ፣ ሞላ ያለ ስንል፣ ከግሱ ቆንጥረን ወስደን፣ ነገሩን ጥግ ድረስ ሳንገፋ በልኩ እንተወዋለን። ተናጋሪው «እርግጠኛ ሆኜ አልማልም፣ ግን ወደዚያ ያደላል» እያለ ነው። ለፍርድ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እንግሊዝኛም ይህን የሚያደርግበት መንገድ አለው፤ ከቅጽሉ ፊት ማለዘቢያ ቃል ያስቀድማል፤ ተርጓሚ ግን እጁ ቅጽሉን ከያዘ በኋላ ማለዘቢያውን መርሳት ይወዳል።

ወሎ ውስጥ የሚኖር ሰው የገላጭ ቃላትን ጠባይ ለመረዳት እንግሊዝኛን መጠበቅ አያስፈልገውም። ባቲ ላይ አማርኛው፣ ኦሮምኛውና አፋርኛው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ፤ ከሚሴም ብትወርዱ ኦሮምኛው ዋናው የቤት ቋንቋ ነው። አማርኛ «ጥቁር ፈረስ» ሲል ቀለሙን ያስቀድማል፤ ኦሮምኛ «ፈርዳ ጉራቻ» ሲል መጀመሪያ ፈረሱን ያቆምና ከዚያ ያለብሰዋል። ዐረብኛም እንደ ኦሮምኛው ነው። በዚህ ምክንያት በአማርኛ አንድን ሰው ወይም ዕቃ በብዙ ቃል መግለጽ ማለት አድማጩን ደጅ ማስጠናት ነው፤ «ትናንት ከኮምቦልቻ የመጣው፣ ከእኔ ጋር የተማረው፣ ረዥሙ፣ ጠይሙ…» እያልን ስንሄድ አድማጩ ስለ ማን እንደምናወራ የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም ከስሙ በኋላ ተንጠልጥሎ የመጣውን ረዥም መግለጫ በሙሉ ከስሙ ፊት አልቆልልም፤ ሁለቱን ብቻ አስቀድሜ የቀረውን በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር እጨርሰዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ከአንዳንድ አርታዒዎች ጋር አልስማማም፤ እነሱ አንዱን ዓረፍተ ነገር ለሁለት መክፈል ታማኝነትን ማጉደል ይመስላቸዋል። ለነገሩ ቃላቱም ቢሆኑ ድንበር አያከብሩም፤ ዳለቻ የሚለውን የአህያ ቀለም አማርኛውም ኦሮምኛውም የየራሱ አድርጎ ይጠቀምበታል።

ቤታችን ውስጥ ገላጭ ቃል መጽሐፍ ገልጠው የሚከራከሩበት ጉዳይ ነበር። ብዙ የወሎ ቤተሰብ እንደሚያውቀው፣ በእኛም ቤት ግማሹ ዘመድ መስጊድ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። በ1961 ዓ.ም. የታተመውን የአማርኛ ቁርኣን ትርጉም የከፈተ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው «እጅግ በጣም ርኅሩኅ፣ በጣም አዛኝ» የሚሉትን ሁለት መግለጫዎች ነው። ዐረብኛው «አር-ረሕማን አር-ረሒም» ይላል፤ ሁለቱም ቃላት ከአንድ ሥር፣ ከ«ረሐመ» የወጡ ናቸው፤ ልዩነታቸው ሥሩ በሁለት የተለያዩ ቅርጾች መቀረጹ ነው፤ ሊቃውንቱም አንደኛው ፍጥረትን ሁሉ የሚያዳርስ፣ ሁለተኛው ለአማኞች የተለየ እዝነት ነው እያሉ ያብራሩታል። አማርኛ አንድን ሥር እንዲህ ሁለት ጊዜ ቀርጾ ጎን ለጎን የሚያቆምበት ዘዴ በዚህ ቦታ አልመጣለትም። ተርጓሚዎቹ ሁለት የተለያዩ ቃላት ወሰዱና፣ የዐረብኛው ቅርጽ የሚሠራውን ሥራ ለ«እጅግ በጣም» እና ለ«በጣም» ሰጡት። በእኔ ግምት «በጣም» ሁለት ጊዜ መደገሙ የጠፋውን የድምፅ ዝምድና በመጠኑ ይክሳል። ሳይታሰብ የገባ ነገርም አለ፤ «አዛኝ» ከሐዘን ጋር አንድ ሥር ስለሆነ፣ በዐረብኛው ውስጥ የሌለ የልብ መሰበር ወደ አማርኛው ሾልኮ ገብቷል። አጎቴ ይህን ጉድለት ይሉታል። እኔ ወድጄዋለሁ።

በሌላኛው ወገን ደግሞ በመኃልየ መኃልይ መጀመሪያ ላይ ሴቲቱ ስለ ራሷ የምትናገረው አለ። ዕብራይስጡ ጥቁርነቷንና ውበቷን የሚያያይዘው በአንዲት «ወ» ነው፤ የግእዙ «ወ» ዘመድ ናት፤ እንደ አገባቡም «እና» ወይም «ነገር ግን» ልትሆን ትችላለች። የግሪኩ ትርጉም «እና» አለ። የላቲኑ «ነገር ግን» አለ። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝ ንጉሥ ጄምስ ትርጉምም የላቲኑን መንገድ ተከተለ። ሁለቱ ቅጽሎች፣ ጥቁርና ውብ፣ በሁሉም ትርጉም ያው ናቸው፤ ማንም አልነካቸውም። ነገር ግን በመካከላቸው የገባችው ቃል፣ ጥቁርነትን ከውበት ጋር የሚያጣላ ወይም የማያጣላ ዐረፍተ ነገር ታደርገዋለች። ገላጭ ቃልን በትክክል ተርጉመህ መግለጫውን ልታበላሽ ትችላለህ ስል የምጠቅሰው ምሳሌ ይህ ነው። በአማርኛ «ጥቁር ነኝ፤ ውብም ነኝ» ቢባል፣ ያቺ ትንሽ «ም» እንደ ዕብራይስጧ «ወ» ሁለቱንም መንገድ ክፍት ትተዋለች።

የቱሪስት ጽሑፍ ላይ ብዙ አልቆይም። ለላሊበላ «ውቅር» የሚል፣ ከዐለት ተፈልፍሎ መሠራቱን በሦስት ፊደል የሚጨርስ ቃል አለን፤ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ለመግለጽ ሌላ ቋንቋ ሁለትና ሦስት ቃል ማያያዝ አለበት። በተቃራኒው ግን ከእንግሊዝኛው በራሪ ጽሑፍ የሚመጡት «ትንፋሽ የሚያሳጥር»፣ «እስትንፋስን የሚያቆም» የሚባሉት መግለጫዎች በአማርኛ አስም ናቸው። ኮምፒውተር ደግሞ «ከአንድ ወጥ ድንጋይ» የሚለውን ሲተረጉም ድንጋዩን ወደ ማዕድ ቤት ሲያስገባው በዐይኔ አይቻለሁ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው የማይለይ መሆኑም ለማሽኑ ሌላ ፈተና ነው፤ «ሰፊ» ሲጠብቅ ስፋት ያለው ነው፣ ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው፤ «ዋና አሠልጣኝ» የሚለውም ለሰው ግልጽ ነው፣ ለማሽኑ ግን አሠልጣኙ ወንዝ ውስጥ ሊገባበት ይችላል።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። አንድ ድርጅት ታማሚዎች ሕመማቸውን የሚገልጹበትን ቅጽ ወደ አማርኛ እንድመልስ ላከልኝ። የዚህ ዓይነት ቅጾች አባት ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮናልድ ሜልዛክ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ስም የሚጠራው መጠይቅ ነው፤ በውስጡ 78 ገላጭ ቃላት በ20 ምድብ ተከፍለው ይገኛሉ፤ ታማሚው ከየምድቡ ለእርሱ የሚስማማውን ይመርጣል። የእኔው አጠር ያለ ቢሆንም አሠራሩ ተመሳሳይ ነበር። በእንግሊዝኛ ሁሉም ቅጽሎች ናቸው፤ «ሕመም» ከሚለው ቃል ፊት ይቆማሉ። እኔም ሥርዓቱን ጠብቄ፣ የሚወጋ፣ የሚያቃጥል፣ የሚጠዘጥዝ፣ የሚነዝር፣ የሚቆረጥም እያልኩ በአንድ ቀን ጨረስኩት፤ ደስም አለኝ።

ማታ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አክስቴ ቤት ሄጄ ቡና እየተፈላ ረቂቁን አነበብኩላቸው። ዝም ብለው አዳመጡና፣ ከሰባተኛው ወይም ከስምንተኛው ቃል ላይ ሲደርስ፣ «ይኼ የሚ፣ የሚ የምትለው ስለ ማን ነው?» አሉኝ።

«ስለ አንቱ ሕመም ነው እትዬ። አንቱ ናችሁ የምትመርጡት።»

«የኔስ የሚ የለበትም። የኔ ይቆረጥመኛል።»

አክስቴ ሰዋስው አልተማሩም፤ የተናገሩት ግን በሥራዬ ላይ የነበረውን ስሕተት በሙሉ ነው። በአማርኛ ሕመም የሚገለጽ ነገር አይደለም፤ ሥራ የሚሠራ ነገር ነው። ይወጋኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዝረኛል፤ ሕመሙ አድራጊ ነው፣ ታማሚው ደግሞ መጨረሻ ላይ ባለችው «ኝ» ውስጥ ተቀምጦ ይቀበላል። «የሚወጋ ሕመም» ሲባል ሕመሙ ከሰውየው ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሐኪም እንዲህ ሊያየው ይችል ይሆናል፣ የታመመ ሰው ግን እንዲህ አይናገርም። በእንግሊዝኛ ቅጽል የሆነው ሁሉ በአማርኛ ግስ መሆን ነበረበት። ሌሊቱን ረቂቁን እንደገና ጻፍኩት።

አንዳንዱ ያለ ምንም ጭንቀት ተሻገረ። እንግሊዝኛው ለራስ ምታት «የሚሰነጥቅ» የሚል ቃል አለው፤ እኛም «ራሴን ይፈልጠኛል» እንላለን፤ ሁለቱ ሕዝቦች ተመካክረው ይመስል ያው መጥረቢያ ነው። ለሆድ «ይቆርጠኛል» አለ። የልብን ምት እየተከተለ ለሚያመው «እንደ ትርታ ይመታኛል» አልኩ፤ ይኼኛው ትንሽ የተሠራ ይመስላል፤ ቢሆንም ከአክስቴ ተቃውሞ አልገጠመውም።

ድርጅቱ እንደ ደንቡ የእኔን ትርጉም ዋናውን ላላየ ሁለተኛ ተርጓሚ ሰጥቶ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አስተረጎመው። «ይቆረጥመኛል» የሚለው ቆሎ ሲቆረጠም በሚባለው ቃል ተመለሰና፣ ከጎኑ «ታማሚውን እንስሳ ነክሶታል ማለት ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ተጽፎ መጣ። ከዚሁ ግስ የወጣው «ቁርጥማት» የሚለው ስም የመገጣጠሚያ ሕመም ስያሜ መሆኑን፣ ውጋትም ከወጋ፣ ቁርጠትም ከቆረጠ፣ ፍልጠትም ከፈለጠ በዚሁ መንገድ የመጡ መሆናቸውን ገልጬ አንድ ገጽ ጻፍኩላቸው። ተቀበሉኝ።

ያስቸገረኝ አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ስለት የሌለውን ቢላዋ፣ ያልፈካ ቀለምን፣ አእምሮው የዘገየ ሰውንና ስለታም ያልሆነ ሕመምን በአንድ ቅጽል ይጠራል። መዝገበ ቃላቱ «ደነዝ» ይለኛል። ደነዝ ቢላዋ አለ፤ ደነዝ ሰውም ሞልቷል፤ «ሕመሜ ደነዘ» የሚል ታማሚ ግን ደሴ ውስጥ አልሰማሁም፤ ቢልም ተሽሎታል ማለት ነው የሚመስለው። አክስቴን ስጠይቅ «ውስጥ ውስጡን ያመኛል ነው የሚባለው» አሉ። ይህን ላክሁ፤ በመልሱ ትርጉም «በምስጢር ያመኛል» ሆኖ ተመለሰ። እውነትም «ውስጥ ውስጡን» ለሐሜትም ለሴራም ያገለግላል። ሦስት ጊዜ ተጻጻፍን። በመጨረሻ «ብዙም ሳይጠና ውስጥ ውስጡን ያመኛል» በሚለው ተስማማን፤ እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ያለፈውን እኛ በአምስት ቃል። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ጽሑፉ ከሳጥኑ አልገባ ስላለው ያንን ረድፍ ብቻ በደቃቅ ፊደል አተመው። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገውም ሊያነቡት አልቻሉምና እኔ አነበብኩላቸው፤ ምልክት ያደረጉትም «ይቆረጥመኛል» ላይ ነው።